ጊታር ከአንገቱ ይጀምራል፦ በደብረ ብርሃን ኤሌክትሪክ ጊታር ከባዶ መሥራት

የመጀመሪያዋን ኤሌክትሪክ ጊታሬን የሠራኋት ከባሕር ዛፍ ነው። ደብረ ብርሃን ዙሪያ ባሕር ዛፍ እንደ ልብ ነው። ርካሽ ነው፣ ጠንካራም ነው። ይበቃል ብዬ ገባሁበት። ቤት ውስጥ ስሞክራት ደስ የምትል ጊታር ነበረች። ከዚያ ለአንድ ዘመዳችን ሠርግ ወደ ሸዋ ሮቢት ይዣት ወረድኩ። መንገዱ ጣርማ በርን አልፎ ቁልቁል ነው። ከ2,800 ሜትር ከፍታ ተነስቶ 1,300 ገደማ ላይ ያርፋል። የሠርጉ ዕለት ደህና ነበረች። በመልሱ ቀን አንገቷ ተጣመመ። የፍሬቶቹ፣ ማለትም አንገቱ ላይ አግድም የሚሰኩት የብረት ዘንጎች፣ ጫፍ ከእንጨቱ አልፎ ወጥቶ መዳፌን ይቧጭረኝ ጀመር። ቀጫጭኖቹ ክሮች ከ10ኛው ፍሬት ወዲያ ታፈኑ።

ከዚያ በኋላ የሠራኋቸውን ሁሉ ከአንገት ነው የጀመርኩት። ጊታር ልሥራ የሚል ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ቅርጹንና ቀለሙን ነው። ቅርጹ በሁለት ቀን ያልቃል። አንገቱ ግን ሳምንታት ይፈልጋል። ስለዚህ እዚህም አንገቱ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ።

እንጨቱ

ለአካሉ ዋንዛ ውሰዱ። ከበሮና በገና የሚሠሩ ሰዎች ዋንዛን የሚወዱት ያለ ምክንያት አይደለም። ቀላል ነው፣ ለመሮና ለመላጊያ ይታዘዛል፣ ከደረቀ በኋላም ጸባዩ አይለዋወጥም። ነገር ግን ዛፍ ለማስቆረጥ አትሂዱ። ዋንዛ፣ ዝግባ፣ ጽድና ኮሶ ከመንግሥት ደን መቁረጥ በሕግ የተከለከለ ነው። ደግሞም አያስፈልግም። ያረጀ የዋንዛ አልጋ፣ የተሰበረ ጠረጴዛ፣ የፈረሰ ቤት በር ፈልጉ። ሠላሳ ዓመት ቤት ውስጥ የኖረ ዋንዛ ከማንኛውም አዲስ ጣውላ ይሻላል፤ መድረቅ ያለበትን ያህል ደርቋል። ከመሰንጠቃችሁ በፊት የድሮ ስፒከር ማግኔት በላዩ ላይ አሂዱበት። ተሰብሮ የቀረ ሚስማር ካለ ማግኔቱ ይይዘዋል፣ መጋዛችሁም ይተርፋል።

ለፊንገርቦርዱ፣ ማለትም ፍሬቶቹ ለሚሰኩበት ሰሌዳ፣ ወይራ ይሁን። ከባድና ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ክር ለዓመታት ቢፈጨው ቶሎ አይጎደጉድም። ከግንዱ መሃል ያለውን ልቡን ግን አትጠቀሙ፤ እሱ ሁልጊዜ ይሰነጠቃል። ከልቡ ወጣ ብሎ የተቆረጠ፣ መስመሩ ቀጥ ያለ ቁራጭ ምረጡ።

ባሕር ዛፍን ለአንገት እርሱት። መስመሩ ብዙ ጊዜ እየተጠማዘዘ ነው የሚያድገው፤ ሲደርቅ ያንኑ ጠመዝማዛ ይከተላል።

አዲስ እንጨት ከገዛችሁ መድረቁን በሚዛን እወቁ። ጫፍና ጫፉን ሰም ወይም ቀለም ቀቡት፣ እንዳይሰነጠቅ። ነፋስ በሚገባበት፣ ፀሐይ በማይመታው ቦታ አስቀምጡት። ምድጃ አጠገብ አይሁን። በየእሑዱ መዝኑትና ክብደቱን እዚያው ላይ በእርሳስ ጻፉ። በበጋው ወራት ሦስት ሳምንት ተከታታይ ክብደቱ ካልተለወጠ ደርቋል። በሐምሌና በነሐሴ ግን ይህን አትሞክሩ፤ አየሩ ራሱ ውኃ ነው።

አንገቱን ማጣበቅ

አንድ ወጥ የዋንዛ አንገት ክሮቹን አይችልም። ከ10 እስከ 46 የሚባለው (ቁጥሩ የክሮቹ ውፍረት በሺኛ ኢንች ነው) የተለመደ የክር ስብስብ ሲቃኝ በጠቅላላው ወደ 46 ኪሎ የሚጠጋ ኃይል ይስባል። ይህን ሌትና ቀን ነው የሚስበው። ስለዚህ አንገቱን ከአምስት ቁራጭ አጣብቁት። መሃል 20 ሚሊ ሜትር ዋንዛ፣ ግራና ቀኙ 6 ሚሊ ሜትር ወይራ፣ ከዚያ ውጭ በየጎኑ 17 ሚሊ ሜትር ዋንዛ። ጠቅላላ ስፋቱ 66 ይሆናል። ርዝመቱ ከነራሱ፣ ማለትም መቃኛዎቹ ከሚሰኩበት ጫፍ ጋር፣ 700 ይሁን። ውፍረቱን አሁን 22 አድርጉት፤ በኋላ ወደ 19 ትልጉታላችሁ።

ሁለቱን የውጭ ዋንዛዎች ከአንድ ጣውላ ካወጣችኋቸው አንዱን ገልብጡት። አንዱ ወደ ግራ መጣመም ሲፈልግ ሌላው ወደ ቀኝ ይስባል፤ አንገቱም ቀጥ ብሎ ይቆማል። የዚህ ሥራ ትልቁ ምስጢር ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

ወይራ ቅባት አለው። ኮላ ከመቀባታችሁ በፊት በብርጭቆ ወረቀት ጫር ጫር አድርጋችሁ በአሴቶን ጥረጉት፤ ሳትቆዩ አጣብቁት። ነጩ የእንጨት ኮላ በቂ ነው። ግን የደብረ ብርሃን ብርድ ጠላቱ ነው። ከ10 ዲግሪ በታች ኮላው እንደ ኖራ ነጭ ሆኖ ይደርቃል፣ አይዝም። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት እዚህ ውርጭ ይጥላል። ስለዚህ ረፋዱ ላይ አጣብቁና ከነሞርሳው ሰው ወደሚያድርበት ክፍል አስገቡት። እኔ መኝታ ቤቴ ነው የማሳድረው። ከ24 ሰዓት በፊት ሞርሳውን አትፍቱ።

ሲደርቅ አራቱንም ጎን በመላጊያ አስተካክሉ። ፊቱን በረጅም ቀጥ ያለ ብረት ፈትሹት። ብረቱን አስቀምጣችሁ ወደ መስኮት አቅጣጫ ስታዩት በሥሩ ብርሃን የሚያልፍ ከሆነ ገና ነው።

ቀጥሎ ትራስ ሮድ አለ። አንገቱ ውስጥ የሚቀበር፣ በኋላ ክር ሲስበው መልሳችሁ የምታቀኑበት የብረት ዘንግ ነው። ይህን ራሳችሁ ከምትሠሩ በሁለቱም አቅጣጫ የሚሠራውን ዝግጁ ግዙ፤ ከውጭ የሚመጣ ሰው ካለ ማስላክ ነው። ለአብዛኛው 6 ሚሊ ሜትር ስፋትና 9 ጥልቀት ያለው ቦይ ይበቃዋል፤ ግን ዘንጉን ሳትይዙና ሳትለኩ አትቦርቡሩ። ቦዩ ልክ መሃል ላይ ይሁን። ዘንጉ ሲገባ ጠበቅ ብሎ መቀመጥ አለበት። ከላላ ጊታሩን ስትመቱ ውስጥ ውስጡን ይንጫጫል። መፍቻ የሚገባበትን ጫፍ ወደ ራሱ በኩል አውጡት፣ አንገቱን ሳትነቅሉ እንድታስተካክሉ።

የራሱን ክፍል ከላይ 5 ሚሊ ሜትር ዝቅ አድርጋችሁ ውፍረቱን 14 አድርሱት። ስፋቱ ካነሰ ግራና ቀኝ ዋንዛ ለጥፉለት። መቃኛዎቹ ሦስት በዚህ፣ ሦስት በዚያ ይደረደራሉ። ቀዳዳቸው ብዙ ጊዜ 10 ሚሊ ሜትር ነው።

ፍሬቶቹ የት ይቀመጣሉ

እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ሌላው ቦታ ላይ ያለ ስህተት ይሸፈናል፣ ይቀባል። ፍሬት ያለ ቦታው ከተቀመጠ ግን ጊታሩ ዕድሜ ልኩን ከቅኝት ወጥቶ ይኖራል።

ነት ክሩ በራሱ በኩል የሚያርፍበት ቁራጭ ነው፤ ብሪጅ ደግሞ አካሉ ላይ የሚያርፍበት። የክሩ ርዝመት ከነት እስከ ብሪጅ 648 ሚሊ ሜትር ይሁን። ይህ የጊታር አምራቹ የፌንደር ልክ ነው። ሌላው አምራች ጊብሰን አጠር ያለ፣ 628 አካባቢ ይጠቀማል። ስሌቱ አንድ ነው። ርዝመቱን በ17.817 አካፍሉ፤ የሚወጣው ከነት እስከ 1ኛው ፍሬት ያለው ርቀት ነው። የቀረውን ርዝመት ደግሞ በዚያው ቁጥር አካፍሉ፤ ሁለተኛውን ታገኛላችሁ። እንዲህ እያለ ይቀጥላል። ለማቅለል ብሎ በ18 የሚያካፍል አለ። እንደዚያ ከሆነ 12ኛው ፍሬት መሃል ላይ አይወድቅም፤ ከ2 ሚሊ ሜትር በላይ ያንሳል።

ሁሉም ከነት ተነስቶ ሲለካ ቁጥሩ ይህ ነው፦ 1ኛ 36.4፣ 2ኛ 70.7፣ 3ኛ 103.1፣ 4ኛ 133.7፣ 5ኛ 162.5፣ 6ኛ 189.8፣ 7ኛ 215.5፣ 8ኛ 239.8፣ 9ኛ 262.7፣ 10ኛ 284.3፣ 11ኛ 304.7፣ 12ኛ 324። ከዚያ ወዲያ ላለው ቀላል ዘዴ አለ። የ1ኛውን ርቀት ለሁለት ከፍላችሁ 324 ላይ ደምሩ፤ 13ኛው ይወጣል፣ 342.2። የ2ኛውን ግማሽ ስትደምሩ 14ኛው ይወጣል። እስከ 22ኛው ድረስ እንዲሁ ነው፤ እሱ 466.2 ላይ ያርፋል።

ሁልጊዜ ከነት ተነስታችሁ ለኩ። ከአንዱ ፍሬት ወደ ሌላው እየዘለላችሁ ከለካችሁ ትንንሽ ስህተቶች ይጠራቀማሉ። በወፍራም እርሳስ ሳይሆን በሹል ቢላ ምልክት አድርጉ። የብረት ማስመሪያውን በማጣበቂያ ፕላስተር አስሩትና እስክትጨርሱ አታንቀሳቅሱት።

የወይራ ሰሌዳው 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ይኑረው። ቦዮቹን ሰሌዳው ገና አራት ማዕዘን እያለ፣ ጎኑ ሳይሾጥጥ፣ በስኳድራ ቁረጡ። መጋዙ 0.6 ሚሊ ሜትር ገደማ የሚቆርጥ ቀጭን ይሁን፤ ጥልቀቱ 3። ከዚያ ሰሌዳውን ነት ላይ 42፣ መጨረሻው ላይ 56 ሚሊ ሜትር አድርጋችሁ አሹጥጡትና አንገቱ ላይ ለጥፉት። ስትለጥፉ ኮላ ወደ ትራስ ሮዱ እንዳይገባ በዘንጉ ላይ ስስ ፕላስተር አድርጉ። ኮላ ሳይደርቅ ስለሚያንሸራትት ሰሌዳው በሞርሳው ሥር ከቦታው ይሄዳል። በ1ኛውና በ20ኛው ፍሬት ቦይ ውስጥ ቀጭን ሚስማር ሰክታችሁ አስይዙት።

የአንገቱን ጀርባ በእንጨት ሞረድ ቅረጹ። ከነሰሌዳው 1ኛው ፍሬት ላይ 21፣ 12ኛው ላይ 23 ሚሊ ሜትር ጥሩ ነው። መጨረሻውን በብርጭቆ ስባሪ ፋቁት። ይህን ሥራ መብራት በጠፋበት ቀን መሥራት እወዳለሁ፤ እጅ ነው የሚፈልገው። እየፋቃችሁ እየጨበጣችሁ ሂዱ። ካሊፐሩ ከሚላችሁ ይልቅ መዳፋችሁ የሚላችሁን ስሙ፣ የምትጫወቱት እናንተ ናችሁ። ብቻ ከትራስ ሮዱ ቦይ በታች ከ5 ሚሊ ሜትር ያነሰ እንጨት እንዳይቀር።

የሰሌዳውን ፊት ትንሽ ጎበጥ አድርጉትና ፍሬቶቹን በፕላስቲክ መዶሻ ምቱ። መጀመሪያ ሁለቱን ጫፎች፣ ከዚያ መሃሉን። ሁሉም ከገቡ በኋላ አናታቸውን በማርከር አጥቁሩና ረጅም ቀጥ ያለ ሞረድ አሂዱባቸው። ጥቁሩ የቀረበት ፍሬት ዝቅ ያለ ነው። ሁሉም እስኪነካ ቀጥሉ፣ ከዚያ አናታቸውን መልሳችሁ ክብ አድርጉ። ጫፋቸውን በደንብ አለስልሱ። ሸዋ ሮቢት ላይ እጄን የበላኝ ይሄ ነው።

ነቱን ከከብት ቅልጥም አጥንት ሥሩት። ቀቅላችሁ ቅባቱን አውጡ፣ አድርቁ፣ በመጋዝ 5 ሚሊ ሜትር ቁራጭ አውጡ። ከሱቅ የሚመጣውን ፕላስቲክ ያስንቃል። ስትሞርዱት አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ። የወይራ ብናኝም እንዲሁ ነው።

አካሉ

እዚህ ነፃ ናችሁ። በካርቶን ሳሉ፣ ጭናችሁ ላይ አድርጋችሁ ሞክሩ፣ ከዚያ ኮምፔርሳቶ ላይ አውጥታችሁ ቁረጡ። ውፍረቱ 45 ሚሊ ሜትር ነው። ዋንዛው ከጠበበ ሁለት ጣውላ መሃል ላይ አጋጥሙ። ያ መገጣጠሚያ የመሃል መስመራችሁ ይሆናል። መስመሩን በእርሳስ አጉሉትና ጊታሩ እስኪያልቅ አታጥፉት። የሚለካው ነገር ሁሉ ከሱ ነው የሚነሳው።

የአንገቱ ማረፊያ 16 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ይኑረው፤ ስፋቱ ልክ እንደ አንገቱ። ብሎን ሳታስገቡ አንገቱን ይዛችሁ ስታነሱት አካሉ አብሮ መነሳት አለበት። እንደዚያ ከጠበቀ ድምፁ ይተላለፋል። በአራት ብሎን እሰሩት።

ብሪጁን አንገቱ ከገባ በኋላ ብቻ ምልክት አድርጉ። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሠራ ሰው የማይንቀሳቀሰውን ብሪጅ ይግዛ። የቀጭኑ ክር ኮርቻ፣ ማለትም ብሪጁ ላይ ክሩ የሚያርፍበት ቁራጭ፣ ከነቱ 648 ላይ ይውደቅ፤ የወፍራሙ ደግሞ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ኋላ። ከመቦርቦራችሁ በፊት ሁለት የስፌት ክር ከነቱ ግራና ቀኝ ጫፍ ተነስታችሁ እስከ ብሪጁ ወጥሩ። ክሮቹ ከሰሌዳው ሁለት ጠርዞች እኩል ርቀት ላይ ካልሄዱ ብሪጁን አንቀሳቅሱት።

ፒካፕና ሽቦ

ፒካፕ የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ዕቃ ነው። ለመጀመሪያው ጊታር አንድ ሃምበከር፣ ማለትም ባለ ሁለት ጥቅልል ፒካፕ፣ ግዙና አንገቱ አጠገብ አስቀምጡት። ሁለት ፒካፕ ከነማብሪያ ማጥፊያው ለሁለተኛው ጊታር ይቆይ። አንገቱ አጠገብ ያለ ፒካፕ ለስለስ፣ ሞላ ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ለትዝታ እሱን እመርጣለሁ።

ራሳችሁ መጠቅለል ካማራችሁም ይቻላል። ባለ ነጠላ ጥቅልሉ ይቀላል። 0.063 ሚሊ ሜትር የሆነ ኢናሜል ሽቦ ነው፤ ፀጉር ነው በሉት። ወደ 8,000 ዙር ይጠቀለላል፤ ሲያልቅ ቴስተሩ 6 ኪሎ ኦም አካባቢ ማንበብ አለበት። ከዚያ ሰም ውስጥ ይነከራል፤ አለበለዚያ ድምፁ ሲጨምር ያፏጫል። አራት እጅ ሻማ፣ አንድ እጅ የንብ ሰም። ሰሙን በቀጥታ እሳት ላይ አትጣዱት። የፈላ ውኃ ባለበት ድስት ውስጥ ሌላ ዕቃ አድርጋችሁ አቅልጡት፤ 65 ዲግሪ ይበቃዋል። ከዚያ ካለፈ የፒካፑ ፕላስቲክ ይቆለመማል።

ሽቦው ቀላል ነው። ለሃምበከር 500 ኪሎ ኦም የሆኑ ሁለት ፖት፣ ማለትም ማዞሪያ፣ ያስፈልጋሉ፤ አንዱ ለቮልዩም (ለድምፁ መጠን)፣ ሌላው ለቶን (ለድምፁ ቃና)፤ ለነጠላ ጥቅልል 250። ከፒካፑ የሚመጣውን ሽቦ የቮልዩሙ የመጀመሪያ እግር ላይ በይዱ። መሃለኛው እግር ገመዱ ወደሚሰካበት ወደ ጃኩ ጫፍ ይሄዳል። ሦስተኛው እግር ከፖቱ ጀርባ ጋር ይበየዳል፣ ያ መሬት ነው። ለቶን፣ ከቮልዩሙ የመጀመሪያ እግር አንድ ሽቦ ወደ ሁለተኛው ፖት መሃለኛ እግር ውሰዱ፤ ከዚያ ፖት አንዱ የጎን እግር 0.022 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር ወደ ጀርባው አሻግሩ። የፒካፑ መሬት፣ የሁለቱ ፖቶች ጀርባ፣ የጃኩ መሬት፣ ሁሉም ይገናኙ።

አንድ ሽቦ ደግሞ ከፖቱ ጀርባ ተነስቶ በቀጭን ቀዳዳ ብሪጁ ሥር ይግባ። ይህን የሚረሳ ብዙ ሰው አለ። ከዚያ ጊታሩ እንደ ትራንስፎርመር ይጮኻል፣ ክሩን ብትነኩትም ጩኸቱ አይቀንስም። ብየዳ ካልለመዳችሁ ሰፈር ያለ ሬዲዮ ጠጋኝ ዘንድ ውሰዱት። ለእሱ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው።

ቅባቱ

ዋንዛ በተፈጥሮው ያማረ ነው፣ በቀለም አትሸፍኑት። እስከ 320 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት አለስልሱትና የተልባ ዘይት ቀቡት። ለምግብ የሚጨመቀው ጥሬ ዘይት ለመድረቅ ሳምንታት ይፈጃል፤ ለእንጨት ተብሎ የተዘጋጀው ይሻላል። ስስ አድርጋችሁ ቀቡ፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ የተረፈውን ጥረጉ፣ በማግስቱ ድገሙ። አምስት ጊዜ ይበቃል። መጨረሻ ላይ ሰም።

የጠረጋችሁበትን ጨርቅ ግን ጠቅልላችሁ ጥግ እንዳትጥሉት። የተልባ ዘይት የነካው ጨርቅ ሲደርቅ ራሱ ሙቀት ያመነጫል፣ ተጨማዶ ከተቀመጠ ያለ ክብሪት ይነዳል። ውጭ ዘርግታችሁ አድርቁት ወይም ውኃ ውስጥ ንከሩት።

ማስተካከል

ክሩን አስገቡና ቃኙ። አንድ ቀን ተዉት። በማግስቱ እንደገና ቃኙና ወፍራሙን ክር 1ኛውና መጨረሻው ፍሬት ላይ ተጫኑ። መሃል፣ 7ኛው አካባቢ፣ በክሩና በፍሬቱ መካከል 0.2 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይኑር። ክፍተቱ ከበዛ ትራስ ሮዱን ወደ ቀኝ አጥብቁ። ሩብ ዙር ብቻ። ከዚያ ቆዩ፣ ለኩ፣ ካስፈለገ ድገሙ። ቀጥሎ የኮርቻዎቹን ከፍታ፦ 12ኛው ፍሬት ላይ ቀጭኑ ክር 1.6፣ ወፍራሙ 2 ሚሊ ሜትር።

ከዚያ እያንዳንዱን ክር 12ኛው ፍሬት ላይ በሃርሞኒክ፣ ማለትም ሳትጫኑ በጣት ብቻ ነካ አድርጋችሁ፣ ምቱ፣ ከዚያ ተጭናችሁ ምቱ። የተጫናችሁት ከፍ ካለ ኮርቻውን ወደ ኋላ ግፉ። ዝቅ ካለ ወደ ፊት።

ፍሬቶቹን የምፈትነው በቅኝት ነው። በአንድ ክር ላይ ብቻ ትዝታን ውጡ፦ ባዶውን፣ 2፣ 4፣ 7፣ 9፣ 12። ቀጥሎ አምባሰልን፦ ባዶውን፣ 1፣ 5፣ 7፣ 8፣ 12። በስድስቱም ክር ድገሙት። የምናውቀው ዜማ ስለሆነ የተዛባውን ፍሬት ጆሮ ወዲያው ይይዘዋል። የሚንጫጫ ካገኛችሁ ያንን ፍሬት ምልክት አድርጋችሁ በሞረድ ተመለሱበት።

በሁለተኛው ሳምንት የአንገቱን ብሎኖች እንደገና ጠበቅ አድርጉ። ክረምት ሲገባና ሲወጣ ክፍተቱን ዳግም ለኩ። ወደ ቆላ ከወረዳችሁ ጊታሩን ከቦርሳው ሳታወጡ ግማሽ ቀን አሳርፉት፣ ከዚያ ቃኙት። የትራስ ሮዱን መፍቻ ቦርሳው ኪስ ውስጥ ያዙ።